ባለቤት የሌለው ቤት

መቼም በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ፣ ያውም ዕድሜውን በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ የጨረሰ ሰው፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ላፕቶፕ ፊት ተጎልቶ በማውዝ የወጥ ቤት ምንጣፍ ሲያሳድድ ብታዩት “ይሄ ሰውዬ ነካ አድርጎታል” ማለታችሁ አይቀርም። ሰውዬው እኔ ነኝ። ጊዜው የ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የምግብ ጠረጴዛ።

ተማሪዬ በሥነ ጽሑፍ ከተመረቀች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። እዚህ ሳለች አስተማሪ ነበረች። እዚያ ደግሞ ሰው ቤት እየሄደች አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒታቸውን ታስታውሳለች፣ ደግፋ ታራምዳለች። የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ “ሆም ኬር” ይለዋል። በእንግድነት በቆየሁባቸው ሁለት ሳምንታት “ምን ትሠራለህ? ምን ትሠሪያለሽ?” ብዬ “ሆም ኬር” የሚል መልስ ያገኘሁበትን ጊዜ ብቆጥር ጣቴ አይበቃኝም ነበር።

እናላችሁ፣ ይህ ሥራ ሥልጠና አለው። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን በሚከፍላቸው ድርጅቶች ውስጥ የሚሠራ የቤት ለቤት የጤና ተንከባካቢ ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥን የፌዴራሉ ደንብ ያዛል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 16ቱ ሰዓት በተቆጣጣሪ ፊት የሚደረግ የተግባር ልምምድ ነው። ከዚያም በየ12 ወሩ 12 ሰዓት ማደሻ ይጨመርበታል። የዚያች ማታው ጉዳይ ከማደሻው የተቆነጠረ ግማሽ ሰዓት ነበር። ተማሪዬ ከሥራ ገብታ፣ ልጆቿን አስተኝታ፣ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታወልቅ ነው የከፈተችው።

“ሲሙሌሽን” ይሉታል። ስክሪኑ ላይ አንድ ቤት ይከፈታል፦ ወጥ ቤት፣ ሳሎን፣ ኮሪደር፣ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት። ሠልጣኙ በምናብ በሩን ከፍቶ ይገባና ከክፍል ክፍል ይዘዋወራል። አደጋ ሊያደርስ የሚችል ነገር ሲያይ በማውዝ ይጫነዋል። ልክ ከሆነ ደወል ነገር ታቃጭላለች፣ ነጥብ ይመዘገባል።

“ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት” አለችኝ።

ሞከርኩ። ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ውሃ አየሁ። ምድጃው ጠርዝ ላይ የተተወውን ፎጣ አየሁ። ያቺን ከርቀት “ጥለፊኝ” የምትል የምትመስል ትንሽ ምንጣፍም አሳድጄ ያዝኳት። በራሴ ኮርቼ “ጨርሻለሁ” ብል፣ ከሃያ አደጋዎች ያገኘሁት ሰባቱን ብቻ ሆነ። ዝቅ ያለውን አልጋ አላየሁም፤ ለኔ አልጋ አልጋ ነው። ከሶፋው ኋላ አንዱ በአንዱ ላይ የተሰካካውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያም አላየሁም። ከሁሉ የከፋው፣ ከሕመምተኛው ወንበር አጠገብ የኦክስጅን ቱቦና የሲጋራ መተርኮሻ ጎን ለጎን ተቀምጠው አልፌያቸው ሄጃለሁ። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያፋፍማል። ልብስና አንሶላ ውስጥ ሲጠራቀም አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ሰውዬውን ከነወንበሩ ልታነደው ትችላለች። እኔ ግን መተርኮሻዋን የሳሎን ጌጥ አድርጌ ነው ያየኋት።

እንግዲህ የሂስ ወግ ነውና መጀመሪያ የሚገባውን እንስጠው።

ይህ ዓይነቱ ሥልጠና ከባዶ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነርሶችን፣ ተንከባካቢዎችን፣ ቴራፒስቶችንና የድርጅት ኃላፊዎችን፣ በድምሩ 68 ሰዎችን ጠይቆ የቤትን አደጋ ክፍል በክፍል ዘርዝሯል። ወጥ ቤት ውስጥ ትንንሽ ምንጣፍና የፈሰሰ ውሃ፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሕመምተኛን ለማንሳት የማይመች ጥበት፤ መኝታ ቤት ውስጥ ከልክ በላይ ዝቅ ያለ አልጋ፤ ሳሎን ውስጥ የእንስሳት ኩስ፤ ኮሪደር ላይ የተዝረከረከ ዕቃ። በኋላም የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ተንከባካቢዎች አደጋን መለየት የሚማሩበት ምናባዊ ቤት በኮምፒውተር ሠርተዋል። እኔ ያየሁት የእነሱን አይደለም፤ የተማሪዬ አሠሪ ከሌላ ቦታ ያመጣውን ነው። ስለዚህ የምለው ሁሉ በዚያች ማታ ባየሁት ላይ ብቻ ይነበብልኝ።

ሐሳቡ ግን መልካም ነው። ሆስፒታል ውስጥ ያለች ነርስ ወለሉን የሚያደርቅላት፣ አልጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግላት መሣሪያ፣ ስትጠራ የሚመጣላት ባልደረባ አላት። ሰው ቤት የምትሠራዋ ብቻዋን ናት። የምትገባበትን ቤት ያሰናዳው ሌላ፣ የሚኖርበት ሌላ፣ ወገቧ የሚቀጨው ግን የእሷ ነው። ስለ አደጋ በወረቀት ላይ አሥር ነጥብ ተጽፎ ቢሰጣት አንብባ ትፈርማለች እንጂ ዓይኗ አይለምድም። ምናባዊው ቤት ዓይን ያስለምዳል። ብትሳሳትም ማንም አይቃጠል፣ ማንም አይሰበር። ሰባት አግኝቼ የወደቅሁት እኔ እንኳ በማግስቱ የተማሪዬን ቤት ማከፋፈያዎች ስቆጥር ውያለሁ።

ታዲያ ቅሬታህ ምንድን ነው? ትሉኝ ይሆናል። ቅሬታዬ የድሮ ሙያዬ ነው።

ክፍል ውስጥ “መቼት” የሚለውን ቃል ማስረዳት ይቀለኝ ነበር። “መቼ” እና “የት” ተጋብተው የወለዱት ቃል ነው። ተማሪዎቼን ያስቸግራቸው የነበረው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ መቼት ጌጥ አይደለም። አንድ ቤት በልቦለድ ውስጥ መቼት የሚሆነው የሚኖርበት ሰው ሲኖረው ነው። ወንበሩ የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳይቀመጥበት እንደሚከለከል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ለምን እንደተገለበጠ ስናውቅ ነው። አለዚያ የዕቃ ዝርዝር ነው። ያ ስክሪን ላይ ያየሁት ቤት፣ አምስቱም ክፍሉ፣ የዕቃ ዝርዝር ነበር። ሕመምተኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ግን አይናገርም። ምንጣፉን ስትጫነው ምንጣፉ ብን ብሎ ይጠፋል፣ ደወሏ ታቃጭላለች፣ ሰውዬው ቅንድቡን እንኳ አያነሳም። ገጸ ባህሪ የለም። ግጭት የለም። ባለቤት የሌለው ቤት ነው።

“ለመሆኑ አደጋውን ካየሽ በኋላስ?” አልኳት ተማሪዬን።

“ሦስት ምርጫ ይሰጣል። አንሺው፣ ለባለቤቱ አስረጂ፣ ለሱፐርቫይዘር አሳውቂ።”

“የቱን መረጥሽ?”

“የቱንም ቢመርጡ ልክ ነው ይላል” ብላ ሳቀች።

“እዚያስ? እውነተኛው ቤት?”

ሳቋን ተወችው። ቀኝ ትከሻዋን በግራ እጇ ያዝ አደረገች። “ጋሼ፣ ምንጣፉ እኮ የባሏ ነው” አለችኝ።

የምትንከባከባት አሮጊት ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከመኝታ ቤቷ ወደ መታጠቢያ ቤት በሚወስደው ኮሪደር ላይ ቀይ ምንጣፍ አለ። ዳርና ዳሩ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሏል። ተማሪዬ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ልክ እንደተማረችው፣ ጠቅልላ ጥግ አስያዘችው። አሮጊቷ ምንም አልተናገረችም። መራመጃዋን ተደግፋ ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ትጎትተው ጀመር። ልትወድቅ ስትል ነው ተማሪዬ የደረሰችላት። “ባሌ ነው ያነጠፈው። ቤቱም የኔ ነው” አለቻት። ምንጣፉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም እየተራመዱት ማለፍን ለመዱ።

“ለሱፐርቫይዘርሽ ለምን አልነገርሽም?”

“ብነግርማ ይደውሉላታል። ‘ሌላ ሰው ላኩልኝ’ ትላለች። ሌላ ሰው ይላካል። እኔ ሌላ ቤት እስኪገኝልኝ ሰዓቴ ይቀነሳል። የቤት ኪራዩ ግን አይቀነስም፣ ጋሼ።”

በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ አንድ ጠዋት፣ አሮጊቷን ክንዷን ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትወስዳት እግሯ በምንጣፉ ጠርዝ ተያዘ። ሲወድቁ ሰውነቷን አዙራ ከታች ሆነች፤ አሮጊቷ በላይዋ ላይ አረፈች። አሮጊቷ አንድም ነገር አልሆነችም። የተማሪዬ ትከሻ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ላይ አይነሳም።

አሁን ነው ነገሩ የሚመጣው። የአደጋ ሪፖርት ቅጽ አለ። ቅጹ ላይ “አደጋ አድራሹን ነገር ቀደም ብለው አይተውት ነበር?” የሚል ጥያቄ አለ። ተማሪዬ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆመች። “አላየሁም” እንዳትል፣ ፋይሏ ውስጥ የቤት ውስጥ አደጋን በመለየት መቶ ከመቶ እንዳገኘች የሚመሰክር ሰርተፊኬት ተቀምጧል። “አይቻለሁ” ብትል፣ “ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?” ይመጣል። ቅጹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። “ቤቴ ደረጃ ላይ ወድቄ ነው” ብላ በአንድ እጇ ሰባት ሳምንት ሠራች።

እኔ ያን ሰርተፊኬት አይቼዋለሁ። ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ተለጥፏል፣ ከልጆቿ ስዕል ጎን። ያን ጊዜ ነው ሥልጠናው ምን እንዳደረገ የገባኝ። ዓይን ሰጣት፤ እጅና አፍ ግን አልሰጣትም። አይተህ ማንሳት፣ አይተህ መናገር በማትችልበት ቦታ ዓይን ብቻ ሲሰጥህ ምስክር ትሆናለህ፤ ምስክርነቱም በራስህ ላይ ነው። ከሥልጠናው በፊት ምንጣፉ የአሮጊቷ ነበር። ከሥልጠናው በኋላ ምንጣፉ የተማሪዬ ሆነ።

ደግሞ የሚያንገበግበው፣ ፍርሃቷ ለከንቱ ነበር። በሜሪላንድ ሕግ በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ካሳ ለማግኘት ጥፋቱ የአሠሪው መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ የራሱ መዘናጋትም በአብዛኛው አያስከለክለውም። ይህን የነገሯት ከስንት ጊዜ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ናቸው። ለመተርኮሻና ለማከፋፈያ ግማሽ ሰዓት የሰጠ ሥልጠና፣ “ከተጎዳሽ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ሪፖርት አድርጊ፣ መብትሽ ነው” የምትለውን አንዲት ዓረፍተ ነገር አልጨመረም። ይህች ዓረፍተ ነገር ስንት ብር ታወጣለች?

ዝምታዋን የግል ድክመት አድርገን እንዳንወስደው ደግሞ ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይበጃል። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1974 የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ሕጉን ለቤት ሠራተኞች ሲያሰፋ፣ ለአረጋውያን “አብሮ መዋል” የሚሠሩትን ከጥበቃው አስቀርቷቸዋል። ኤቭሊን ኮክ የተባሉ ከጃማይካ የመጡ የኒውዮርክ ተንከባካቢ ላልተከፈላቸው ትርፍ ሰዓት ተሟግተው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ፈረዱባቸው። ደንቡ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በ2015 ነው፤ ኮክ ግን በ2009 አርፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የፌዴራሉ የሥራ መሥሪያ ቤት ያንኑ ደንብ መልሶ ለማንሳት ሐሳብ አቅርቧል። ሥራሽ ሥራ መሆኑ ራሱ በየጊዜው በሚያከራክርበት አገር፣ ከአሮጊቷ ጋር ስለ ምንጣፍ የምትከራከሪበት ወኔ ከየት ይመጣል?

በዚህ ላይ የእኛ ነገር አለ። ይሉኝታ። ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ ማንሳት፣ ያውም የትልቅ ሰው ቤት፣ እኛ ዘንድ ሥልጠና አይደለም፤ ድፍረት ነው። “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” እየተባለች ያደገች ሴት፣ የሞተ ባል ያነጠፈውን ምንጣፍ መጠቅለል ማለት አጥር መነቅነቅ ነው የሚመስላት። ሲሙሌሽኑ ይህን አያውቅም። አጥሩን ሠርቶ ባለቤቱን ረስቷል።

እኔስ ብሆን? እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት በርና መስኮቱን ዘግታ መኝታ ቤቷ ውስጥ ከሰል አቀጣጥላ ቡና ታፈላ ነበር። የከሰል ጭስ ሽታም መልክም የሌለው ገዳይ እንዳለው አውቃለሁ፤ ጋዜጣ ላይ ጽፌበትም አውቃለሁ። አፍ አውጥቼ ግን “እማዬ፣ ይሄ ይገድልሻል” አላልኳትም። ቡናዬን ጠጥቼ፣ ተመርቄ እወጣለሁ። በመጨረሻ ነገሩን ያስተካከለችው የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። በገጠር በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም ወደ ከተማ ከመጣ በኋላ ነው፣ ነርሶች ቤት ለቤት መዞር ሲጀምሩ። ልጅቷ ስለ ጭሱ ወዲያው አልተናገረችም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ ይመስለኛል፣ “እማማ፣ ዛሬ ቡናውን በረንዳ ላይ ብናፈላውስ? እኔም ጠጥቼ እሄዳለሁ” አለቻት። ረከቦቱን ራሷ ተሸክማ አወጣችው። ስለ ጭሱ የነገረቻት ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ እናቴ ከሰል ይዛ መኝታ ቤት አልገባችም።

ልጅቷ ያየችውን እኔም አይቻለሁ። እሷ የነበራት እኔ የሌለኝ ነገር ግን ሁለት ነው፦ እንዴት እንደሚባል ታውቅ ነበር፤ ደግሞ ብትናገር ከሥራዋ የሚያባርራት አልነበረም።

ለዚህ መልስ የሚሰጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ። “ጋሼ፣ ሲሙሌሽኑ አደጋን መለየት ነው የሚያስተምረው፤ ሌላው የሱፐርቫይዘሩ ሥራ ነው” ይሉኛል። መልካም። እንዲያ ከሆነ ሰርተፊኬቱም ያንኑ ብቻ ይበል። ሌሊት ላይ በደከመ ዓይን ሃያ ዕቃ የለየችን ሴት “የቤት ውስጥ አደጋን ለመከላከል ብቁ ናት” ብሎ ማተም፣ ፊደል የለየን ልጅ “ደራሲ ነው” ብሎ እንደ ማስመረቅ ነው።

ደግሞም የጎደለውን መጨመር ከባድ አይመስለኝም። የተጠለፈበትን መተርኮሻ ያህል አሳምሮ የሣለ ሰው፣ “ቤቱ የኔ ነው” የሚል አፍ ለዚያ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው መስጠት አያቅተውም። ሠልጣኟ ምንጣፉን ስትጫን ምንጣፉ አይጥፋ። ሰውዬው ይቆጣ። ወይ ያልቅስ። ወይ ስለ ሚስቱ ይተርክላት። ሠልጣኟ ምን ብላ እንደምትመልስ አሥር ጊዜ ትሞክረው፤ ስህተት የማያስከፍልበት ቦታ እሱ ነውና። ከዚያም አንድ ሌላ ምርጫ ይጨመር፦ “ነገርኩ፣ እምቢ አለ።” ይህ ሲመረጥ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ይታይ፦ ስልኩን የሚያነሳው ማን እንደሆነ፣ ሰዓቷ እንደማይቀነስባት የሚያረጋግጥላት ማን እንደሆነ። አሠሪው ይህን የሚመልስበት ከሌለው፣ ችግሩ ሲሙሌሽኑ ላይ አይደለም ማለት ነው። ያም ቢሆን ይታወቅ።

አገሬ ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ተማሪዬ ከሥራ ስትመጣ አንድ ጥቅል ፕላስተር ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በሁለት ወገን የሚጣበቅ የምንጣፍ ፕላስተር ነው። ከራሷ ኪስ ነው የገዛችው። በበነጋው ለአሮጊቷ “ምንጣፉ ዳር ዳሩ እየተጎዳ ነው፤ እንዳይበላሽብዎ ላጣብቅልዎ?” አለቻት። አሮጊቷ ፈቀደች። እንዲያውም ወንበሯን አስጠግታ፣ ባሏ ምንጣፉን ተሸክሞ የገባ ቀን በሩ ጠቦት ምን እንዳለ ስትተርክላት አረፈደች። ተማሪዬ በአንድ እጇ ፕላስተሩን እየጎተተች፣ አንዱን ትከሻዋን ሳታነሳ፣ አራቱንም ጠርዝ ለጠፈችው።

ያን ማታ ሲሙሌሽኑን እንደገና ከፍተን ሦስቱን ምርጫዎች አነበብናቸው። “አጣብቂው” የሚል የለም።